ያልተመዘገበው ተፈናቃይ

ተረት ተረት። የላም በረት።

ካማሺ ከአሶሳ ሩቅ ናት። ርቀቷ ግን በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። ከካማሺ ተነስቶ ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ የሚጓዝ ሰው በወለጋ ምድር ማለፍ አለበት፤ ጎረቤቱን “እንዴት ዋልክ?” ሳይል ትልቁ ቤቱ አይደርስም ማለት ነው። ካርታ ላይ ያየው ሰው የአስተዳደር ጣጣ ይለዋል። እኔ ግን ባሰብኩት ቁጥር ተረት ተረት ይሸተኛል።

ደዴሳ ወደ አባይ በሚወርድበት ቆላ፣ ከቀርከሃ ጫካ ጥግ፣ አንድ መንደር ነበር። ቤቱ ቀርከሃና ሣር፣ እርሻው ማሽላና ሰሊጥ፣ እራቱ ገንፎ። የመንደሩ ሴቶች ጭነት በጀርባቸው አያዝሉም። ዘንግ በትከሻቸው ላይ ያጋድሙና አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ ያንጠለጥላሉ፤ ከፊት ቅርጫት ማሽላ ከሆነ ከኋላ የውሃ ቅል። ሁለቱ ጫፎች ከተመዛዘኑ ሴትዮዋ እጇን እያወዛወዘች፣ እየተጫወተች ትሄዳለች። አንዱ ጫፍ ባዶ የሆነ እንደሆነ ግን ዘንጉ ያጋድላል፣ ትከሻ ይልጣል፣ አንድ እጅም ባዶውን ጫፍ ተጭኖ ሲይዝ ይውላል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እንቅልፍ የዚያ መንደር ነዋሪ ነበር። ስብሰባ አይጠራ፣ ግብር አይከፍል፣ ስሙም በሰው አፍ አይነሳ። ማታ እሳቱ ሲዳፈን ከቤት ቤት ይዞራል፤ መጀመሪያ ሕፃናቱን፣ ቀጥሎ እናቶቹን፣ በመጨረሻ ስለ ከብት ዋጋ የሚከራከሩትን ሽማግሌዎች ያስተኛል። ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ያስተኛል። በምን ቋንቋ ሕልም እንደሚያዩ ጠይቆ አያውቅም።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በደመራ ዕለት፣ ከመንገድ ላይ ክፉ ወሬ መጣ።

እዚህ ላይ ተረቱን ገታ ላድርገው፤ ይህኛው ተረት አይደለምና። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን ኃላፊዎች ከኦሮሚያ አቻዎቻቸው ጋር ስለ ጸጥታ መክረው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገደሉ። ሌላው አገር ችቦ ሲያበራ በዚያ አካባቢ ቤት ይነድ ጀመር። ከካማሺም ከምሥራቅና ከምዕራብ ወለጋም በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ልጁን አንጠልጥሎ ተሰደደ። ጉሙዙም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም። መንገዱ ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ የክልሉ መንግሥትና የታጠቀው የጉሙዝ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። እሰየው። ፊርማ መንገድ ይከፍታል። እንቅልፍ ግን ማንበብ አይችልም።

ወደ ተረቱ ልመለስ። የሸሸው ሕዝብ ክረምቱ አልፎ ክረምት ሲመጣ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ማንጎ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ መዝጋቢ ተቀመጠ። ሰው ስንት? ፍየል ስንት? መጥረቢያ ስንት? የተቃጠለ ቤት ስንት? ሁሉም ተጻፈ፤ አንዲት ጆሮዋ የተቆረጠ ፍየል ሳትቀር። በዚያ ሌሊት መንደሩ በሙሉ ጣራ ጣራ ሲያይ አደረ። “አዲስ ቤት ነው፣ እስክንለምደው ነው” ተባለ። በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ። በሦስተኛው አንድ ሕፃን ተነስቶ፣ “እንቅልፍስ ከእኛ ጋር አልተመለሰም እንዴ?” አለ። መዝገቡ ተገለጠ። የእንቅልፍ ስም የለም።

በእሱ ፈንታ የመጣው ፍርሃት ነው።

ትሕትናው ሲያስደንቅ! ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ለዛሬ ብቻ ጥግ ስጡኝ” አለ።

“ከየት መጣህ?” አሉት ሽማግሌዎቹ።

“ከእናንተው ጋር ነዋ የመጣሁት። ስትሸሹ ከኋላችሁ ስሮጥ አላያችሁኝም?”

እውነቱን ነው፤ አይተውታል። አሳደሩት። ሲነጋ ጥጉን ለቆ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ በሳምንቱ የዘበኞች አለቃ ሆነ። ደመወዙ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ማሽላ ነበር፣ ቀጥሎ አንድ ቁና፣ ቀጥሎ አንድ ጆንያ። ወሬ የምትባል ሚስት አለችው። ማለዳ አንድ ፍሬ ይዛ ገበያ ትወጣና ማታ ጆንያ ሙሉ ተሸክማ ትገባለች። ባልየው የሚያርሰው ሚስትየው ያመጣችውን ዘር ነው።

መንደሩ አጥር አጠረ። ፍርሃት አጥሩን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ “ይህስ ይዘለላል” አለ። ሁለተኛ አጥር ተሠራ። “የውስጡን የሚጠብቁትን ማን ይጠብቃቸዋል?” ሲል ሦስተኛ ተጨመረ። ቀርከሃው ተጨፈጨፈ። ደግሞ ያ ዓመት ቀርከሃው የሚያብብበት ዓመት ሆነና አረፈው። የቆላ ቀርከሃ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አብቦ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል፤ አንድ ላይ የበቀለው አንድ ላይ ነው የሚሞተው። ፍርሃት የደረቀውን ጫካ እያሳየ፣ “አላልኳችሁም? ፍጻሜው መጥቷል” አለ። ለአጥር የሚሆን ሲጠፋ ምክር አላጣም፤ “አልጋችሁ ከምን የተሠራ ነው?”

“ከቀርከሃ።”

“አልጋ ደግሞ ለተኛ ሰው ነው። እናንተ መቼ ትተኛላችሁ?”

ክርክሩ መልስ የለውም። አልጋው ሁሉ ፈርሶ አጥር ሆነ።

ያላወቁት አንድ ነገር ነበር። ፍርሃት ማታ ማታ ወዲህ፣ ቀን ቀን ደግሞ ወንዙ ማዶ ባለው መንደር ነበር የሚሠራው። እዚያም አለቃ ነው፤ እዚያም ሦስት አጥር አሳጥሯል፤ እዚያም ጆንያ ይሰፈርለታል።

እንቅልፍ ያጣ መንደር ምን ይሆናል? ሰው ዶማውን አንስቶ መሬት ሳያስነካ ይረሳዋል። ማሽላው እሸት ላይ ሲደርስ ወፍ የሚጠብቅ ጉልበት ጠፋ። ባልና ሚስት ስለ ጨው ተጣልተው ስለ አያት ቅድመ አያት ተሰዳደቡ። አንድ ጎበዝ የገዛ አጎቱን ፍየል ጠላት መስላው በቀስት ወጋት። ያቺው ጆሮዋ የተቆረጠችው ናት።

ጸሎት ግን አልቀረም። እሑድ እሑድ ይሄዳሉ፣ ይዘምራሉ፣ “ጠባቂያችን እግዚአብሔር ነው” ሲባል “አሜን” ይላሉ። የሚጸልዩት ግን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአንዱ በሩን እያዩ ነው። ሳቁባቸው አላልኩም። አዲስ አበባ ውስጥ የግንቡ ጫፍ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የደረደረ፣ በላዩ የሽቦ እሾህ የጠመጠመ፣ ከብረት በሩ ላይ ደግሞ “ይህን ቤት እግዚአብሔር ይጠብቀዋል” የሚል የለጠፈ ቤት አይቻለሁ። እግዚአብሔር ከሽቦው በፊት ይሁን ከሽቦው በኋላ ተራው የሚደርሰው አልገባኝም። እኔም ብሆን ማታ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነው የምፈትሸው።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ መከሩና እንቅልፍን ፈልገው የሚያመጡ ሦስት ሰዎች ተላኩ። የመጀመሪያው ባለ ጠመንጃ ነበር፤ አንደኛዋ ጅረት ዘንድ ሲደርስ ቅጠል ኮሽ አለበትና ተመለሰ። ሁለተኛው ሀብታም ነው፤ “የማይገዛ ነገር የለም” ብሎ ከተማ ወጣና በላስቲክ የተቋጠረ ክኒን ይዞ መጣ። የዋጡት ወደቁ እንጂ አልተኙም፤ ሲነሱም ድካማቸው እንደ ነበረ ነው። ሦስተኛዋ አሮጊት ናት። በራሷ ፈቃድ ነው የሄደችው፤ እንቅልፍ ላይ የግል ክስ ነበራት።

አሮጊቷ ያን ክፉ ሌሊት አንድ ልጇን በተኛበት አጥታለች። ከዚያ ወዲህ ዘንጓ ከትከሻዋ አይወርድም፤ በፊተኛው ጫፍ የልጇን ሸሚዝና የቀስቱን ገመድ ቋጥራ አንጠልጥላለች። የኋላው ጫፍ ባዶ ነው። ባዶውን በአንድ እጇ ተጭና ይዛ፣ ጎብጣ፣ ትከሻዋ ተልጦ ትሄዳለች። ሌላ ነገር በኋላው ጫፍ አንጠልጥይበት ሲሏት፣ “ከልጄ ጋር የሚመዛዘን ምን አላችሁ?” ትላለች። ማንም መልስ ኖሮት አያውቅም።

ቁልቁል ወርዳ ደዴሳ ዳር ደረሰች። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር የታሰረች ታንኳ ውሃው ላይ ትወዛወዛለች። እንቅልፍ እዚያ ውስጥ ነው። ራሱ አይተኛም፤ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ራስ ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ዓሣ አጥማጁ የማዶ ሰው ነው።

“አንተ!” አለችው። “ፍየሎቹ እንኳ ሲመለሱ አንተ ምን ሆነህ ቀረህ?”

“ቀስ በይ ልጄ፣ ሰውዬው ገና መተኛቱ ነው” አለ እንቅልፍ። “እኔንማ ማን መዘገበኝ? በሩ ላይ ደግሞ ሌላ አስቀምጣችኋል። እኔና እሱ አንድ ቤት አድረን አናውቅም።”

“እሱን ካባረርነው ማን ይጠብቀናል? አንተ?”

“እኔ ምን አቅም አለኝ፤ ሎሌ ነኝ። የሚጠብቀው ጌታዬ ነው፣ እሱ አያንቀላፋም። እኔ የምገባው ጥበቃው ለእሱ ከተተወበት ቤት ነው።”

“ማነው ጌታህ?”

እንቅልፍ የታንኳዋን ጠርዝ ዳሰሰ። “አንድ ማታ ገሊላ ባሕር ላይ ማዕበል ተነሳ። ታንኳዋ ውሃ ልትሞላ ነው፤ ባሕሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ዓሣ አጥማጆች ጠፋን ብለው ይጮኻሉ። እሱ ከኋላ በኩል ተኝቶ ነበር። ያን ማታ ትራሱ እኔ ነበርኩ። ሲቀሰቅሱት ነፋሱን ገሠጸው፣ ጸጥ አለ። ታንኳ የምወደው ከዚያ ወዲህ ነው።”

“የሩቅ አገር ነገር” አለች አሮጊቷ።

“የቅርቡን ልንገርሽ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ይሉታል። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነው። ምጽዋ ላይ ነፃ ከወጣ በኋላ ወንጌልን ለወገኖቼ ላድርስ ብሎ በሱዳን በኩል ዞሮ መጣ፤ በ1874 ዓ.ም. ከናንተ አሶሳ እምብዛም ከማይርቅ፣ ፋማካ ከምትባል ቦታ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አልሆነለትም። ንዳድ ጣለው፣ ተመለሰ፣ የጉዞ ጓደኛው በመመለሻው ሞተበት። ያን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ? ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት የወጣች ሴት አገዘችው። በ1891 ዓ.ም. ታተመ። እሱ ነቀምት የገባው በ1896 ዓ.ም. ነው። ከፋማካ እስከ ነቀምት 22 ዓመት! መንገዱ ተዘግቶበት በነበረበት ጊዜ ሁሉ ማታ ማታ እሄድለት ነበር።”

አሮጊቷ ዝም አለች። ከዚያ የመጣችበትን ተናገረች። “ልጄ ያን ሌሊት ተኝቶ ነበር። ያስተኛኸው አንተ ነህ። ጌታህ የት ነበር?”

ወንዙ ይሰማ ነበር። ዓሣ አጥማጁ ተገላበጠ። እንቅልፍ ብዙ ቆየ።

“አልነገረኝም” አለ። “አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። አንድ ሌሊት፣ ጌቴሴማኒ በሚባል አትክልት ቦታ፣ ሦስት ወዳጆቹን ‘ከእኔ ጋር ንቁ’ ብሏቸው ሳለ ሳላስፈቅድ ገብቼ አስተኛኋቸው። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ወደ እሱ ጠጋ ስል ግን ተከለከልኩ። በግንባሩ ተደፍቶ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ያ ጽዋ እንዲያልፍለት ለመነ፤ አላለፈለትም። ሲነጋ ገደሉት። ልጅሽ የሞተበትን ዓይነት ሌሊት እሱ በዓይኑ ያውቀዋል፤ ነቅቶ ነው ያየው። ከዚህ የበለጠ የምነግርሽ የለኝም።”

አሮጊቷ መልስ አገኘሁ አላለችም። እኔም አግኝታለች ብዬ አልዋሽም። እያለቀሰች የዘንጉን ባዶ ጫፍ ወደ እሱ ዘረጋችለት፤ ዘረጋችና ደግሞ ሰብሰብ አደረገችው።

“ልጄን አውርጂው የምትለኝ ከሆነ ቅር!”

“አውርጂው አልኩሽ እንዴ? እሱ ከፊት ይሁን፣ እኔ ከኋላ።”

ተንጠለጠለ። ዘንጉ ቀጥ አለ። አሮጊቷ እጇን አየችው፤ ነፃ ነው። ስንት ጊዜ ሆኗት!

ፀሐይ ስትጠልቅ መንደሩ ደረሰች። እንቅልፍ የመጀመሪያው አጥር ዘንድ ሲደርስ ቆመ። “አልጋ የለም፤ የት ላስተኛችሁ?” አለ። አሮጊቷ ነፃ በወጣው እጇ ከአጥሩ አንድ ቀርከሃ ነቀለች። ቀጥላ ሌላ። የነቀለችው የራሷን ድርሻ ነው፣ በወንዙ በኩል ያለውን። መንደርተኛው ጮኸ። ፍርሃት፣ “አብዳለች፣ ያዟት! ሸጠችን!” እያለ ወዲያ ወዲህ ተራወጠ፤ ወሬም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማዶ ሮጠች። የሚይዛት ግን ጠፋ፤ ጉልበት የቀረው ሰው አልነበረም።

ሦስቱም አጥር በእሷ ልክ ተሸነቆረ። በሽንቁሩ ማዶ ታየ። እዚያም አንዲት ሴት እሳት ዳር ተቀምጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ ወደዚህ ታያለች። አጥር ሲፈርስ ባየች ጊዜ ኡኡታዋን ልታቀልጠው አፏን ከፍታ ነበር። አሮጊቷ ግን ቀርከሃውን በልጥ እያሰረች ታጋድመዋለች፤ አራት ቋሚ፣ ሁለት ወራጅ፣ በላዩ ርብራብ። አልጋ ነው። ሊወጋ የመጣ ሰው አልጋ አይሠራም። የማዶዋ ሴት አፏን መልሳ ገጠመች።

አሮጊቷ በፈረሰው አጥር መካከል፣ ደጅ ላይ፣ የልጇን ሸሚዝ ተንተርሳ ተጋደመች። ሁለቱንም ዓይኗን ጨፍና ጸለየች፤ ጸሎቷ አጭር ነበር፣ “ተራው ያንተ ነው” ከማለት ብዙ አይበልጥም። ከዚያ ተኛች። አንኮራፋች! ማንኮራፋቷ ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። የማዶ ዘበኞች መጀመሪያ መሣሪያቸውን አነሱ፤ ምንነቱ ሲገባቸው ተያዩ፤ ከዚያ አንደኛው አዛጋ።

ሲነጋ መንደርተኛው ሬሳዋን ሊያነሳ መጣ። አሮጊቷ እንዳለች ናት፤ ግን ከላይዋ የማንም ያልሆነ ጋቢ ተደርቦባታል። ጥለቱ የማዶ ሴቶች የሚለብሱት ዓይነት ነው። ሌሊት መጥቶ ያለበሳትን ሰው፣ ዘበኛ ሁሉ ነቅቶ እየጠበቀ፣ ማንም አላየውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት፣ ቀጥሎ ሁለት ቤት፣ ድርሻውን እየነቀለ አልጋውን መለሰ። አጥር ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ጅብም ሌባም አለና አንዱ ቀርቷል። ጥበቃውም በተራ ሆነ፤ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው ይተኛል። የማዶ ሰዎች ለገበያ ሲያልፉ ውሃ ይጠጣሉ፣ የወዲህ ሰዎች አሶሳ ሲሄዱ እዚያ ያድራሉ። በክረምቱ፣ የደረቀው ቀርከሃ ካራገፈው ዘር ችግኝ ወጣ፤ ፍየል እንዳይበላው ልጆች ይጠብቁታል። አሮጊቷ ዘንጓን አላወረደችም። ሸሚዙም ከፊት እንዳለ ነው።

ፍርሃትስ? አልሞተም። ያልተከፈለኝ ደመወዝ አለ እያለ፣ ወሬን አስከትሎ መንደሩን ለቀቀ። ሥራ እየፈለገ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ አዲስ አበባም ታይቷል ይባላል። ማታ ደጃችሁን አንኳኩቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ “ለዛሬ ብቻ ጥግ ስጡኝ” ካላችሁ፣ እንግዳ ነውና ውሃ ስጡት፣ ቆሎም ዝገኑለት፤ እንዳታሳድሩት ብቻ።